የወረቀት ፊኛው ያብጣል እንጂ አይነሳም፦ ለተማሪዎች የንጋት ፊኛ ቀን ምክር (ደብረ ማርቆስ)

ማርቆስ_ፊዚክስ

ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ በታኅሣሥ ወር አንድ ቅዳሜ ማለዳ 40 ተማሪዎችን ይዞ ሜዳ ወጥቶ የሙቅ አየር ፊኛ ሊያስነሳ አስቧል። ውጭ አገር ጎህ ሲቀድ የሚደረገውን የፊኛ ፌስቲቫል በአቅማችን፣ በወረቀት። ሰው የሚጭን ነገር አይደለም።

እስካሁን የተሞከረው ይህ ነው፦ ቁመቱ 1 ሜትር ገደማ የሆነ ፊኛ፣ ከጫማ ካርቶን ውስጥ በሚወጣው ዓይነት ስስ ወረቀት የተሠራ። ማሞቂያው የቡና ከሰል ምድጃ። ሰዓቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት። ወረቀቱ ያብጣል፣ ቀጥ ብሎም ይቆማል፤ ሲለቀቅ ግን ወደ ጎን ይዘምና መሬት ይይዛል።

ጥያቄዎቼ፦
1. ችግሩ ከፍታችን ነው፣ መጠኑ ነው ወይስ ሙቀቱ?
2. በስንት ሰዓት መጀመር፣ በስንት ሰዓት ማቆም ይሻላል?
3. ከቅዳሜው ይልቅ ጥር 23 እንጅባራ ላይ፣ በአገው ፈረሰኞች በዓል ቀን ማድረግስ እንዴት ነው? ሕዝቡ እዚያው ይገኛል።

ቀርቀሃ

መምህር፣ ዋናው ጥፋት መጠኑ ነው። ከፍታውም የራሱን ይወስዳል፣ ግን ብቻውን አያስቀራችሁም።

ስሌቱን እንዲህ ያዙት። ፊኛን የሚያነሳው የክብደት ልዩነት ነው፤ ፊኛው የያዘውን ቦታ የሚሞላ የውጭ አየር ስንት ይመዝናል፣ ከዚያ ላይ ውስጡ ያለው ሙቅ አየር ስንት እንደሚመዝን ትቀንሳላችሁ። ደብረ ማርቆስ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየር ግፊቱን 753 ሄክቶፓስካል ብላችሁ ያዙ። ማለዳ 10 ዲግሪ ሲሆን አንድ ሜትር ኩብ አየር 927 ግራም ይመዝናል። 80 ዲግሪ የደረሰው አየር 743 ግራም ነው። ልዩነቱ 184 ግራም፤ ወረቀቱ፣ ኮላው፣ ሽቦው ሁሉ ከዚህ በታች መሆን አለበት ማለት ነው። በባሕር ጠለል ላይ ይኸው ሙቀት 247 ግራም ያነሳል። ከኢንተርኔት የሚወርደው ንድፍ አብዛኛው ለዝቅተኛ ቦታ የተሠራ ስለሆነ እናንተ ጋ ሲመጣ የማንሻ ኃይሉን ሩብ ያጣል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ብትሞክሩት 199 ግራም ታገኛላችሁ፤ ሰማይና ምድር የሚያህል ልዩነት አይደለም።

አሁን ወደ እናንተው ፊኛ። ቁመቱ 1 ሜትር ከሆነ ይዘቱ ከ0.14 ሜትር ኩብ ብዙ አይርቅም። የሚያነሳው 26 ግራም ገደማ ነው። የወረቀቱ ስፋት ግን 1.3 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ ስስ ወረቀት በካሬ ሜትር 18 ግራም ቢመዝን ወረቀቱ ብቻ 24 ግራም ይሆናል። ኮላና የአፍ ቀለበት ሲጨመር ከ30 ያልፋል። ከሰል ብትጨምሩበት ወረቀቱን ታቃጥሉታላችሁ እንጂ አታስነሱትም።

ልኩን በሁሉም አቅጣጫ እጥፍ አድርጉት። የወረቀቱ ስፋት 4 እጥፍ ሲሆን የሚይዘው አየር 8 እጥፍ ይሆናል። ትርፉ ከዚያ ነው የሚመጣው።

ለጎጃም ደጋ የሚሠራ ልክ ይኸው። 50 በ70 ሴንቲ ሜትር የሆነ ስስ ወረቀት 24 ቅጠል ይዘጋጅ። ሦስት ሦስቱን፣ የ70ው ጎን ለርዝመት እንዲሆን፣ ጫፍና ጫፋቸውን በ2 ሴንቲ ሜትር እያደራረባችሁ ለጥፉ፤ 206 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው 8 ጥብጣብ ይወጣችኋል። እያንዳንዱ ጥብጣብ ከላይ ሹል፣ ከመካከል ሰፊ፣ ከታች ጠባብ ሆኖ ይቆረጣል። ከጫፉ ጀምሮ ስፋቱ በሴንቲ ሜትር፦

20 ላይ 15.5
40 ላይ 29
60 ላይ 40
80 ላይ 46
96 ላይ 48 (ትልቁ)
120 ላይ 45
140 ላይ 39
160 ላይ 31
180 ላይ 22
206 ላይ 12 (አፉ)

በአንድ ጎን በኩል ለኮላ 1 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ተዉ። ንድፉን በካርቶን አንድ ጊዜ ሠርታችሁ ስምንቱን ደራርባችሁ በአንድ ጊዜ ቁረጡ፤ አንድ በአንድ የተቆረጠ ጥብጣብ ጠርዙ አይገጥምም፣ የማይገጥመው ጠርዝ ደግሞ ሲለጠፍ ይጨማደዳል፣ የተጨማደደው ቦታ አየር ያስወጣል።

ይህ ፊኛ 1.1 ሜትር ኩብ ይይዛል። ወረቀቱ 97 ግራም፣ ኮላው 15 ግራም አካባቢ፣ ቀለበቱ 6 ግራም፤ በድምሩ 120 ግራም በሉት። በማለዳ 80 ዲግሪ ቢሞቅ 202 ግራም ያነሳል። 80 ግራም ትርፍ አላችሁ። 50 ዲግሪ ላይ ብትለቁት ግን የሚያነሳው 126 ግራም ብቻ ነው፤ እንግዲህ እናንተ ጋ የታየው «ይቆማል ግን አይሄድም» የሚባለው ሁኔታ እዚያ ላይም ይደገማል።

አገጣጠሙ ላይ ተማሪዎች የሚሳሳቱት አንድ ቦታ ነው። አንደኛውን ጥብጣብ አንጥፉ፣ ሁለተኛውን 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ገባ አድርጋችሁ ከላዩ አስተኙ፣ ያ የቀረውን ጠርዝ ኮላ ቀብታችሁ ወደ ላይ እጠፉት። ቀጥሎ ሦስተኛውን ከሁለተኛው ጋር በሌላው ጎን፣ እንዲህ እያለ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተመላለሰ ይሄዳል። በየጥብጣቡ መካከል አሮጌ ጋዜጣ ካልገባ የተረፈው ኮላ ሁሉንም አንድ ላይ ያጣብቀዋል፤ ሲከፈት ይቀደዳል። የመጨረሻውና የመጀመሪያው ሲገናኙ ክቡ ይዘጋል።

ጫፉ ላይ ስምንት ሹል የሚገናኝበት ቦታ ሁልጊዜ ቀዳዳ አለው። 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ወረቀት ከላይ ለጥፉበት፤ ከመለጠፉ በፊት መሐሉ ላይ የክር ማንጠልጠያ አስገቡ። አፉ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የ1 ሚሊ ሜትር ሽቦ ቀለበት ይገባል። አንዳንዱ ሰው ክብደት ለመቀነስ ብሎ ቀለበቱን ይተወዋል። ይህ ስህተት ነው። ወደ ጎን የሚዘምበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ከታች ትንሽ ክብደት ከሌለው አፉ ይዘጋል፣ ይገለበጣል፣ ሙቁ አየር በጎን ይፈሳል። ከሽቦ ይልቅ በስሱ የተሰነጠቀ ቀርቀሃም ይሆናል፣ እሳት አጠገብ ስለሚሆን ግን ሽቦው ይመረጣል።

ጋዜጣ እንዳትሞክሩ፤ በካሬ ሜትር 45 ግራም ነው፣ ይኼው ፊኛ በጋዜጣ ቢሠራ ወረቀቱ ብቻ 240 ግራም ያልፋል። የደብተር ወረቀት ከዚያም ይብሳል።

የላሜራ_ሥራ

ቀርቀሃ ያለው ትክክል ነው። መጠኑን ካስተካከላችሁ በኋላ ግን ቀጣዩ እንቅፋት ምድጃው ነው። የቡና ምድጃ ለአንድ ጀበና ነው የተሠራው። ከ5 ካሬ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ስስ ወረቀት፣ ውጩ 10 ዲግሪ ውስጡ 80 ዲግሪ ሲሆን፣ ሙቀቱን በየሰከንዱ ወደ ውጭ ይሰጣል። ምድጃው የሚሰጠውና ወረቀቱ የሚያፈሰው እኩል ሲሆኑ ፊኛው እዚያው 45 ወይም 50 ዲግሪ ላይ ይቆማል። ግማሽ ሰዓት ብትይዙት ለውጥ የለውም።

የሚያስፈልገው እንዲህ ነው፦

ባለ 20 ሊትር የቆርቆሮ ጣሳ። ከታች ጎንና ጎኑን፣ ከመሬት 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ አውራ ጣት የሚያስገባ 8 ወይም 10 ቀዳዳ። ከቀዳዳዎቹ በላይ የብረት ወንፊት ወይም የተጠላለፈ ወፍራም ሽቦ፣ ከሰሉ እዚያ ላይ ይቀመጣል። ከላይ የላሜራ ክዳን፤ ክዳኑ መሐል ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 1 ሜትር ቁመት ያለው የላሜራ ቧንቧ። ማንኛውም በርና መስኮት የሚሠራ ቤት ከቁርጥራጭ ላሜራ ይሠራላችኋል። ቧንቧው ረዘም ሲል ራሱ አየር ይስባል፤ ማራገቢያ አያስፈልግም። እንዲያውም ማራገብ ክልክል ነው፣ ምክንያቱም ብልጭታ የሚያስነሳው እሱ ነው።

ከቧንቧው ጫፍ 8 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የላሜራ ክብ በሦስት እግር ይተከል። ሁለት ሥራ አለው። አንደኛ፣ ብልጭታ ቀጥ ብሎ ወደ ውስጥ እንዳይወጣ ይመታል። ሁለተኛ፣ ሙቁ አየር እንደ ጦር ቀጥ ብሎ ጫፉን እንዳይመታ በዙሪያው ይበትነዋል። ያለ እሱ ከተሠራ የፊኛው አናት ቡኒ ሆኖ ይበሳል፣ ጎኑ ግን ገና ቀዝቃዛ ነው።

ለአንድ ጣሳ 3 ኪሎ ከሰል ለአንድ ማለዳ ይበቃል። የአዊ የዲከረንስ (የግራር ዓይነት ዛፍ) ከሰል በአካባቢያችሁ ሞልቷል፤ የትኛውም ቢሆን ግን ጥቁሩ ጠፍቶ አመድ ለብሶ እስኪቀላ ፊኛ እንዳይቀርበው። ይህ ከተለኮሰ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። አዲስ ከሰል የሚጨመረው በሁለት ፊኛ መካከል ብቻ ነው፤ ፊኛ እላዩ እያለ ከተጨመረ ይፈነጥራል፣ ይጨሳልም።

ስለ ጭስ ካነሳሁ አይቀር፦ እርጥብ ቅጠል ጨምሩበት የሚል ሰው አይጠፋም። በ1783 ፈረንሳይ ውስጥ የመጀመሪያውን ያስነሱት የሞንጎልፊዬ ወንድማማቾች (የወረቀት ፋብሪካ ባለቤት ቤተሰብ ናቸው) ጭሱ ነው የሚያነሳው ብለው ጭድና ሱፍ ያጨሱ ነበር። የሚያነሳው ሙቀቱ ነው። እርጥብ ቅጠል የሚሰጠው እንፋሎት ወረቀቱን አርጥቦ ያሳሳዋል፣ ክብደትም ይጨምርበታል።

ቴርሞ ሜትር ከሌላችሁ ይህን አድርጉ። ከዚያው ስስ ወረቀት ሁለት ጣት የሚያህል ቁራጭ በሽቦ ሰክታችሁ የፊኛው አፍ በሚያርፍበት ከፍታ ላይ ያዙት። በ10 ሰከንድ ውስጥ ቡኒ ከሆነ በጣም ግሏል፤ የታችኛውን ቀዳዳ በድንጋይ በከፊል ዝጉ። ምንም ካልሆነና ወረቀቱ ወደ ላይ እየተገፋ ከተርገበገበ ልኩ ነው።

የከሰል አየር መርዝ ስላለው ቧንቧው ላይ አጎንብሶ የሚያይ ተማሪ አይኑር። ሜዳ ላይ ስለሆነ ይበተናል፣ ፊኛው ውስጥ ያለው ግን የተከማቸ ነው፤ በአፉ ወደ ውስጥ ማየትም ያው ነው።

አብራሪው_77

ይህ ሁሉ ላሜራ ለምን? ጥጥ በናፍጣ ነክሮ ከአፉ ሥር በሽቦ ማንጠልጠል ነው። እሳቱን ራሱ ይዞ ይሄዳል፣ ሩቅም ይደርሳል።

ቀርቀሃ

ሩቅ መድረሱ ነው ችግሩ። ታኅሣሥ ምን ወር እንደሆነ አስብ እንጂ ወንድሜ። ጤፉ ታጭዶ በየማሳው ተከምሯል፣ አውድማው ላይ ገለባ ነው፣ የባሕር ዛፍ ሥር ደረቅ ቅጠል ነው፣ የሣር ክዳን ቤትም አለ። እሳት ይዞ የሚሄድ ወረቀት የት እንደሚያርፍ የሚያውቅ የለም፤ ናፍጣው ሳያልቅ ካረፈ የአንድ ገበሬ የዓመት ልፋት ያልቃል። ብራዚል እሳት ተሸካሚ ፊኛ ማምረትና መልቀቅን ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወንጀል ያደረገችው በደን ቃጠሎ ምክንያት ነው። ጀርመንም ከልክላለች።

እሳቱ ምድር ይቅር። ፊኛው ሙቅ አየሩን ብቻ ይዞ ይነሳ። አንድ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ይቀዘቅዝና እዚያው አካባቢ ይወርዳል፣ ይሰበሰባል፣ ጫፉ ካልተቀደደ እንደገና ይሞቃል። ለትምህርትም የሚሻለው ይኼ ነው።

ጣና_ዳር

ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ልግባ፤ ከሁሉም በላይ የሚወስነው ሰዓቱ ነውና።

ጠዋት 4 ሰዓት አልፏል። ሌሊቱን መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ሲሰጥ ያድርና ከመሬት በላይ ያለው አየር ከሁሉም በላይ ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ከታች ይተኛል፣ ከላዩ ካለው ጋር አይደባለቅም፣ ነፋስም አይኖርም። ፀሐይ መሬቱን ማሞቅ ስትጀምር ይህ ንብርብር ይፈርሳል፤ ሙቅ አየር በየቦታው እየተነሳ፣ ቀዝቃዛው እየወረደ ነፋሱ ይጀምራል። ገበሬ አውድማ ላይ በመንሽ ለማዝራት የሚጠብቀው ነፋስ እሱ ነው። ለምርት የሚበጀው ነፋስ ለፊኛ አይበጅም፤ ምርት ማዝራት ሲጀመር እናንተ ዕቃ መሰብሰብ አለባችሁ።

ሙቀቱም ይጨመርበታል። እኩለ ቀን ላይ ደብረ ማርቆስ 24 ዲግሪ ብትሆን የውጩ አየር በሜትር ኩብ ከ927 ወደ 883 ግራም ይወርዳል። 80 ዲግሪ የሞቀው ያው 743 ነው። ከ184 ግራም ወደ 140 ወረዳችሁ። ቀርቀሃ የሰጣችሁ ፊኛ 80 ግራም የነበረው ትርፉ 34 ይቀራል።

ትልልቆቹ ፌስቲቫሎችም በዚሁ ምክንያት ነው ሰው በጨለማ ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሱት። አሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ያለው የአልበከርኪው በ1972 እ.ኤ.አ. በ13 ፊኛ የተጀመረ ነው፤ በየዓመቱ በጥቅምት መጀመሪያ ይደረጋል። ከተማዋ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ከባሕር ዳር ብዙም አትለይም። እዚያ ከሁሉም አስቀድመው፣ ገና ሳይነጋ፣ ጥቂት ፊኛዎች መብራት ይዘው ይነሳሉ፤ በየከፍታው ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ የሚያዩት የቀሩት በእነሱ ነው። ሌሊት ከከፍታው የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር በሸለቆው ወደ አንድ አቅጣጫ ይፈሳል፣ ከላይ ያለው ነፋስ ወደ ተቃራኒው ይሄዳል፤ አብራሪው ከፍ ዝቅ እያለ ወደ ተነሳበት መመለስ ይችላል።

እናንተም ጋ ያው ሕግ ነው። ከጮቄ ተራራ በኩል ቀዝቃዛው አየር በየሸለቆው ቁልቁል ይወርዳል። ስለዚህ ጎርፍ መውረጃ ዝቅ ያለ ቦታ አትምረጡ፤ ሰፊ፣ ለጥ ያለ፣ በነፋስ አቅጣጫ ቢያንስ 300 ሜትር ያህል የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ክምርና መንገድ የሌለበት ሜዳ ፈልጉ። ባሕር ዳር ላይ የሚያስቡ ካሉ ደግሞ ሌሊትና ማለዳ አየሩ ከየብስ ወደ ጣና ነው የሚገፋው፣ ረፋድ ላይ ይገለበጣል። ሐይቁ ዳር ብታስነሱ ፊኛው ውኃ ላይ ያርፋል። አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብማ ከናካቴው አይሞከርም።

በታኅሣሥ ደብረ ማርቆስ ላይ ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት ከ40 አካባቢ ነው። አካሄዱ፦

ንጋት 11 ሰዓት ከሩብ፦ አዘጋጆች ብቻ ሜዳው ላይ ይደርሳሉ፣ ከሰል ይለኮሳል።

11 ሰዓት ከ50፦ ተማሪዎች ይደርሳሉ፣ በ10 በ10 ይከፈላሉ፣ ለአንድ ቡድን አንድ ፊኛ።

12 ሰዓት ከ20፦ ነፋስ ይለካል። ሦስት ሜትር ቀርቀሃ ጫፍ ላይ በቀጭኑ የተቀደደ የፌስታል ጥብጣብ እሰሩ። ቁልቁል ከተንጠለጠለ ቀጥሉ። ጥብጣቡ እስከ ግማሽ ከፍ እያለ ከቆየ ጠብቁ። አግድም ከተዘረጋ የዕለቱ ሥራ አልቋል፤ ቁርሱን በልቶ መመለስ ነው።

12 ሰዓት ተኩል፦ የመጀመሪያው ፊኛ በክር ታስሮ ይነሳል። ከዚያ ተራ በተራ።

2 ሰዓት፦ ይቆማል። ጸጥ ያለ ቢመስልም ይቆማል፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው ነፋስ ሳይታሰብ ነው የሚመጣው።

ጤዛውን አትርሱ። ሣር ላይ የተዘረጋ ስስ ወረቀት በደቂቃዎች ውስጥ ይጠጣና ሲነሳ ይተለተላል። ሸራ ወይም የተተረተረ የማዳበሪያ ከረጢት አንጥፉ፣ ፊኛው እስከ መጨረሻው ከካርቶኑ አይውጣ። ታኅሣሥ ጾመ ነቢያት ስለሆነ የቁርሱን ነገር የምታዘጋጁ ሰዎች ቆሎ፣ ዳቦና ሻይ ብላችሁ ያዙት፤ ብርዱ የዋዛ አይደለምና ጋቢ ያለው ይዞ ይምጣ። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ጋቢ ለብሶ ምድጃው አጠገብ የሚቆም ሰው አይኑር።

የላሜራ_ሥራ

ጣና_ዳር ላይ ልጨምር። ማስነሳቱ አምስት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ረጅም ቀርቀሃ ይዞ የጫፉን ክር ከፍ አድርጎ ይይዛል፣ ቀርቀሃው ጫፍ ላይ ክሩን የሚያስለቅቅ መንጠቆ ይኑር። ሁለቱ ጎኑን በመዳፍ ብቻ ደግፈው ይዘረጋሉ፤ በጣት የያዘ ይቀድዳል። አራተኛው ቀለበቱን በወፍራም ጓንት ይዞ ቧንቧው ላይ ያስተካክላል፤ ቀለበቱ ከቧንቧው ጫፍ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል፣ በዙሪያው 5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይቀራል። አምስተኛው ባልዲ ውኃ ይዞ ይቆማል፣ ሌላ ሥራ አይሰጠውም።

ፊኛው ሲሞላ የጫፉ ክር ይላላል። ያኔ መንጠቆው ይውጣ፣ ፊኛው ግን አይለቀቅም። አብዛኛው ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ቀለበቱን የያዘው ሰው ወደ ላይ ሲጎትተው እስኪሰማው፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ 20 ሰከንድ ይጠበቃል። ጎኑ ላይ መጨማደድ ካለ አልሞላም። ወረቀቱ ተወጥሮ ሲመታ ከበሮ መሰል ድምፅ ሲሰጥ ቀለበቱ ወደ ጎን ሳይሆን ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይለቀቃል። በሰያፍ የተለቀቀ አፉን ወደ ቧንቧው አዙሮ ይነካዋል፤ እሳት የሚይዘው በዚህች ቅጽበት ነው።

የማሰሪያው ክር የልብስ ስፌት ክር ይበቃል። 30 ሜትሩ ከአንድ ግራም አይበልጥም። ቀለበቱ ላይ በአንድ ቦታ ብቻ ካሰራችሁት ፊኛውን ያጋድለዋል፤ በሦስት እኩል ቦታ ታስሮ 40 ሴንቲ ሜትር ከታች አንድ ላይ ይገናኝ።

ማርቆስ_ፊዚክስ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የእንጅባራውን ግን ማንም አልነካውም። ጥር 23 ላይስ?

አዊ_ፈረስ

አይሆንም። እምቢ የምለው በዓሉን ስለምሰስት አይደለም። ፈረስ አናቱ ላይ ድንገት ነጭ ነገር ተነስቶ ሲያይ ይደነብራል። ያን ቀን በጌጥ ያሸበረቀ ፈረስ በብዛት በአንድ ሜዳ ነው ያለው፣ ሰውም ዳር ዳሩን ተጨናንቆ ነው የሚቆመው። አንድ ፈረስ ቢበረግግ የሚረገጠው ሕፃን ነው። በውጭ አገርም ትልልቁን ፊኛ የሚያበሩ ሰዎች የእሳቱ ድምፅ ከብትና ፈረስ ስለሚያስበረግግ ከብት ያለበትን ማሳ እየሸሹ ነው የሚሄዱት።

ሌላም አለ። ፈረሶቹ ሜዳው ላይ የሚደምቁት ረፋዱ ላይ ነው፣ የእናንተ ሰዓት ደግሞ 2 ሰዓት ላይ ያበቃል። እንጅባራ ከደብረ ማርቆስ ትንሽ ከፍ ትላለች፣ ጥር ላይ ውርጭ ስላለ ማለዳው ለፊኛ ይመቻል። እዚያ ካማራችሁ ከበዓሉ ውጭ ሌላ ቅዳሜ መርጣችሁ፣ ከብት ወደ ግጦሽ ከመውጣቱ በፊት አድርጉት። ጥምቀትም ያው ነው፤ ሕዝብ ባለበት አይሆንም።

የትም ብታደርጉ ቀበሌውንና የጸጥታ አካላትን ከቀኑ ቀደም ብላችሁ በጽሑፍ አሳውቁ፣ የሜዳውን አጎራባች ገበሬዎችም በቃል። ጎህ ሲቀድ ሰማይ ላይ የማይታወቅ ነገር ታይቶ ሰው እንዳይደናገጥ። ክሩን ፈታችሁ በነፃ ለመልቀቅ ከፈለጋችሁ ደግሞ ነገሩ የሲቪል አቪዬሽን ባለስልጣን ጉዳይ ነው፤ ለትምህርት ቤት በክር የታሰረው ይበቃል ባይ ነኝ።

ማርቆስ_ፊዚክስ

ገባኝ፣ የታኅሣሡ ቅዳሜ ይሁን። አንድ የመጨረሻ፦ ኮላው 15 ግራም ብቻ ነው ያላችሁት። በዱቄት ሙጫ ቢለጠፍስ? ተማሪዎቹ ራሳቸው ሊያበስሉት ይችላሉ።

ቀርቀሃ

ይለጥፋል፣ ግን ሁለት ነገር ይበላሻል። የዱቄት ሙጫ ወፍራም ተደርጎ ነው የሚቀባው፤ ስምንቱ ስፌት ሲደመር 16 ሜትር ተኩል ያህል ነው፣ ሲደርቅ እንኳ ከኮላው በእጥፍ ሊመዝን ይችላል። ያ ከ80 ግራም ትርፋችሁ ላይ ነው የሚቀነሰው፣ አይገድላችሁም ግን ይሰማችኋል። ሁለተኛው ይከፋል፦ ሲደርቅ ድርቅ ይልና ፊኛው ታጥፎ ሲከፈት ስፌቱ ላይ ይሰነጠቃል።

የግድ እሱ ከሆነ አንድ የሾርባ ማንኪያ የፊኖ ዱቄት በአንድ ሲኒ ውኃ በጣም አቅጥናችሁ አብስሉት፣ በነጠላ አጥሉት፣ በቀጭን ብሩሽ ቀቡት። አንድ ሌሊት ሙሉ ይድረቅ። ኮላም ቢሆን በግማሽ ውኃ ይቅጠን፤ በጣት የሚቀባ ተማሪ ካለ ብሩሽ ስጡት። ሲያልቅ እያንዳንዱን ፊኛ በኩሽና ሚዛን መዝኑ። 130 ግራም ካለፈ የቱ ጋ እንደከበደ ፈልጉ፤ 150 ካለፈ ወደ ሜዳ አትውሰዱት።